አንዱ ሲነቃ ሌላውንም ቀስቅሱት

(አዲስ አበባ ውስጥ ለመንታ እርጉዞችና ለመንታ ወላጆች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ እንደምን አደራችሁ! ከኋላ የቆማችሁ አባቶች፣ ወንበር አለ፤ ወደ ፊት ኑ። ዛሬ አጥብቄ የምፈልገው እናንተን ነው፤ ምክንያቱን ትሰማላችሁ። ሕፃን የያዛችሁም አትሳቀቁ። ቢያለቅስ ያልቅስ፣ ጡት ከፈለገ እዚሁ አጥቡት።

ሐኪሙ «መንታ ነው» ያላችሁ ቀን ከደስታው ቀጥሎ የመጣባችሁን ጥያቄ አውቀዋለሁ። «ወተቴ ለሁለት ይበቃል ወይ?» ወደዚያ እመጣለሁ። ከእሱ በፊት ግን አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ።

አራስ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ትንሹን ቁጥር እንያዝ፤ 8 ጊዜ። ማጥባቱ፣ ማስገሳቱ፣ ዳይፐር መቀየሩ ተደምሮ 40 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በቀን 320 ደቂቃ፣ ማለትም 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ። ሁለቱን በየተራ ካደረጋችሁ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። አንድ ላይ ካደረጋችሁስ? አንዱ ዙር 50 ደቂቃ እንኳ ቢወስድ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ልዩነቱ ስንት መጣ? 4 ሰዓት! ያ 4 ሰዓት የማን ነው? የእናትየው እንቅልፍ ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ይመነጫል፦ አንዱ ሲነቃ ሌላውንም ቀስቅሱት።

አያቶች ፊታችሁን ስታጠቁሩ አየሁ። «የተኛ ሕፃን አይቀሰቀስም» ትላላችሁ። ለአንድ ልጅ፣ ክብደቱ ደህና ለሚጨምር ልጅ፣ እውነታችሁን ነው። መንታ ግን ሌላ ነው። ከመንታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ37 ሳምንት በፊት ይወለዳሉ፤ ብዙዎቹ ከ2500 ግራም በታች ናቸው። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲርበው አልቅሶ ላይናገር ይችላል። ይተኛል፤ ስለማይጠባ ይደክማል፤ ስለደከመ ደግሞ የባሰ ይተኛል። ቤተሰቡ «እንዴት ጨዋ ልጅ ነው!» እያለ ልጁ ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ 3 ሰዓት ካለፈ ቀስቅሱት። እንዴት? ግለጡት፣ ዳይፐሩን ቀይሩለት፣ ውስጥ እግሩን አሹት፤ ይነቃል።

ሦስት ነገር አነሣለሁ፤ መመገብ፣ ሌሊቱ፣ ከቤት መውጣት። እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ አብዛኛውን መመገብ ይወስደዋል።

አንደኛ፣ መመገብ።

ወተት ይበቃል ወይ? ጡት የሚያመርተው በተወሰደው ልክ ነው። ሁለት አፍ ሲስበው ለሁለት ያመርታል፤ አብዛኞቹ የመንታ እናቶች ለሁለት የሚበቃ ወተት አላቸው። ችግሩ የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። እንገሩ ትንሽና ወፍራም ነው፤ ያዩ ዘመዶች «ምንም የላትም» ይላሉ፤ የጣሳ ወተት ይመጣል። ጣሳው ያጠገበው ሕፃን ጡቱን አይስበውም፤ ያልተሳበ ጡት ደግሞ ምርቱን ይቀንሳል። በሳምንቱ «አላልኳችሁም? ወተት የላትም» ይባላል። ወተቱን ያጠፋው ማን ሆነ?

ቅቤ አታስውጧቸው። ውሃ አትስጧቸው፤ ስኳር የገባበትም ያልገባበትም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በቀር ሌላ ነገር አይገባም። ቅቤው፣ አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ አብሹ ለእናትየው ይሁን! እሷ ከወትሮው ላይ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ገበታ ያስፈልጋታል፤ ለመንታ ከዚያም በላይ። ልታጠባ በተቀመጠች ቁጥር አጠገቧ የሚጠጣ ነገር ይቀመጥ። እጆቿ ሁለቱም ተይዘዋል፤ ቆሎውን ሌላ ሰው ያጉርሳት።

ሕፃናቱ ከእናታቸው ተለይተው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከገቡስ? አትጠብቁ። ከወለደች በኋላ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ በእጅ ማለብ ትጀምር፤ በቀን 8 ጊዜ፣ ቢያንስ አንዱ በሌሊት። የመጀመሪያው ቀን የሚወጣው ጠብታ ነው፤ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ሰብስቡት። አንዲት ጠብታ አትጣሉ።

አሁን ወደ አያያዙ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለት ሳምንት አንድ በአንድ አጥቡ፤ አንዱ እንደጨረሰ ሌላውን ቀጥሉ። ለምን? ልጁም እናቱም አያያዙን ገና እየተማሩ ነው፤ ለመማር ደግሞ ሁለት ባዶ እጅ ያስፈልጋል። አፉ በደንብ መከፈት አለበት፣ የታችኛው ከንፈር ወደ ውጭ መገልበጥ አለበት፣ አገጩ ጡቱን መንካት አለበት፤ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ያለው ጥቁሩ ክፍል ከላይ በኩል ይበልጥ መታየት አለበት። የጡት ጫፍ እየቆሰለ ከሆነ አያያዙ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጡቱን እየጎተታችሁ አታላቁት፤ ትንሿን ጣታችሁን በአፉ ጥግ አስገቡ፣ ሲለቅ እንደገና አስይዙት።

ሁለቱም አንድ በአንድ መያዝ ሲችሉ አብራችሁ አጥቡ። ጀርባችሁን ግድግዳ ወይም የአልጋ ራስጌ ላይ አስደግፉ። ግራና ቀኝ አንድ አንድ ትራስ አድርጉ፤ ትራሱ ዝቅ ካለ ጋቢ አጥፋችሁ ከሥሩ አስገቡ። ልጆቹ ወደ ጡቱ ቁመት ይምጡ እንጂ እናንተ ወደ ልጆቹ አትጎንበሱ፤ ጎንበስ ብላ የምታጠባ እናት በአንድ ወር ውስጥ ወገቧን ትይዛለች። ከዚያ እያንዳንዱን ሕፃን ብብታችሁ ሥር አድርጉ፤ እግሮቹ ወደ ጀርባችሁ፣ ፊቱ ወደ ጡቱ፣ አንገቱና ትከሻው በመዳፋችሁ ላይ። ጭንቅላቱን ከኋላ አትግፉት፤ ሲገፋ ወደ ኋላ ይለጠጣል። በቀዶ ሕክምና ለወለዳችሁ ይሄ አያያዝ የተሻለ ነው፤ ቁስሉ ላይ ክብደት አይጫንም።

ማንን ታስቀድማላችሁ? ደካማውን! ሁልጊዜ ደካማውን። እሱን ለማስያዝ ሁለት እጅ ያስፈልጋችኋል፤ ጎበዙ በአንድ እጅም ይይዛል። ሁለተኛውን የሚያቀብል ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስፈልጋል፤ አባቶች፣ እዚህ ላይ ናችሁ።

የትኛው በየትኛው ጡት? በየቀኑ አፈራርቁ። ዛሬ ሀና ቀኝ፣ ዮናስ ግራ ከሆኑ ነገ ይገለበጥ። አንዱ ኃይለኛ ሳቢ ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ በአንድ ጡት ከቆየ ያኛው ጡት ብዙ፣ ይሄኛው ጥቂት እያመረተ ይሄዳል፤ ደካማው ልጅ ደግሞ ደካማው ጡት ላይ ይቀራል።

እንደጠገቡ በምን ታውቃላችሁ? በለቅሶ አትፍረዱ። በሽንት ፍረዱ። ከ5ኛው ቀን በኋላ እያንዳንዳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 6 ጊዜ ማርጠብ አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳሉ፤ ከተወለዱበት ክብደት ከ10 በመቶ በላይ ግን መቀነስ የለባቸውም፤ ወደ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ሊመልሱት ይገባል፤ ቀድመው የተወለዱት ትንሽ ሊዘገዩ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራሉ። አደራ፣ አንዱን ከሌላው ጋር እያወዳደራችሁ አትጨነቁ። ሁለቱም የየራሳቸው ካርድና የየራሳቸው መስመር አላቸው።

አንዳንዴ የጡት ወተት በእርግጥ አይበቃም፤ ወይም እናትየው ታማለች። እንዲህ ሲሆን በእልህ ልጅ አይራብም፤ በሐኪም ምክር የጣሳ ወተት ይጨመራል። በሚጨመርበት ጊዜ ግን በልክ ይሁን። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ መነሻው በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር በቀን ነው። 2.5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 375 ሚሊ ሊትር፤ ለ8 ሲከፈል 47 ገደማ። ይሄ ሌላ ነገር የማይወስድ ልጅ ልክ ነው፤ ጡትም የሚጠባ ከሆነ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ በጣሳ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ በቀን 750 ሚሊ ሊትር ይጠጣሉ፤ ወደ 100 ግራም ዱቄት ማለት ነው። የ400 ግራሙ ጣሳ 4 ቀን ይሆናል! እያደጉ ሲሄዱ ከዚያም ያንሳል። ዋጋውን እናንተ ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ ነው አደገኛው ስህተት የሚመጣው፤ ጣሳው እንዲቆይ ውሃ ማብዛት። ውሃ የበዛበት ወተት ልጁን አያሳድገውም፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው አውርዶ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሰዋል። ማንኪያው በጣሳው ላይ የተጻፈው ነው፤ አይቀነስም፣ አይከመርም።

ውሃው ይፍላ፤ ትንሽ በረድ ይበል፤ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ግን ዱቄቱ ላይ ይፍሰስ። ዱቄቱ ንጹሕ ቢመስልም ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ የሚገድለው ያ ሙቀት ነው። ከዚያ ዕቃውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አብርዱት፤ ሙቀቱን የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩ እንጂ በአፋችሁ አይሁን። በተዘጋጀ በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋል። የአንዱን ትራፊ ለሌላው አትስጡ።

ጡጦ ወይስ ሲኒ? እኔ የምመርጠው ሲኒ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሁለት ልጅ ጡጦ፣ ጎማውና አንገቱ ሳይቀር በቀን 16 ጊዜ መቀቀል ይቻላል? ሲኒ ግን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ይጸዳል፤ ጀርም የሚደበቅበት ስንጥቅ የለውም። ሕፃኑን ቀና አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡ፣ እጆቹን በጨርቅ ጠቅልሉ፣ የሲኒውን ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉ፣ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ዘንበል አድርጉ። እዚያ ላይ ቁሙ! አታፍስሱበት። በምላሱ ራሱ ይልሰዋል። ካፈሰሳችሁበት ትን ይለዋል።

የታለበ የእናት ወተትስ? ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ይቆያል፤ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፤ በር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። መብራት ከሄደ በሩን አትክፈቱ፤ ሳይከፈት ወደ 4 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። ለማሞቅ ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም።

6 ወር ሲሞላ ገንፎ ይጀመራል። ቀድመው የተወለዱትን ጊዜ ሐኪም ይወስንላችሁ። ከ2 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከማንኪያው ላይ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል፤ ውሃ እያበላችሁ ነው። እንቁላል፣ የተፈጨ ምስር፣ ትንሽ ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት። ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጡ፤ አንዱ ሲውጥ ሌላው ይጎርሳል። አንዱ ከታመመ ግን ሳሕንና ማንኪያ ይለይ።

ሁለተኛ፣ ሌሊቱ።

የእኛ ሰዓት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። 12፣ 3፣ 6፣ 9። ከምሽቱ 12፣ ከምሽቱ 3፣ ከሌሊቱ 6፣ ከሌሊቱ 9። በመሃሉ የሚጠይቅ ካለ ይጥባ፤ እነዚህ አራቱ ግን አይዘለሉም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት የአባት ቢሆን ምን አለ? እናትየው ከምሽቱ 3 ሰዓት አጥብታ፣ አልባ አስቀምጣ ትተኛ። 6 ሰዓት ላይ አባት በሲኒ ያጠጣ፣ ያስገሳ፣ ይቀይር። እሷ እስከ 9 ሰዓት ያለማቋረጥ ትተኛለች። ጡቷ ካበጠባት ግን ተነሥታ ትንሽ ትለብ፤ የታጨቀ ጡት ይታመማል።

አባቶች፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን! በ3 ቀን ውስጥ ምን ይሠራል? እውነቱን ለመናገር ከሆስፒታል ማውጣት። የዓመት ፈቃዳችሁን ለዚህ አቆዩት። ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓትም የእናንተ ነው።

ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ ሁለት ዐምድ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ። የጠባበት ሰዓት፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ መድኃኒት። በሁለተኛው ሳምንት «ዮናስ ጠብቷል ወይስ ሀና ናት?» የማይል ቤት የለም። በጣም ለሚመሳሰሉት ደግሞ ምልክት አድርጉ፤ ቀይና አረንጓዴ ክር ቁርጭምጭሚት ላይ። አንገት ላይ አይታሰር፤ ያንቃል። እግር ቶሎ ስለሚወፍር ክሩን በየሳምንቱ አላሉት። ይሄ የጨዋታ ነገር አይደለም፤ የታዘዘ ሽሮፕ አንዱ ሁለት ጊዜ ወስዶ ሌላው ባዶ አፉን ያደረባቸው ቤቶች አሉ።

መተኛቸው ላይ አልለሳለስም። በጀርባቸው፣ በጠንካራ ፍራሽ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቦታ፣ ከእናታቸው ጋር በአንድ ክፍል። ሁለት አልጋ ካልተገኘ ሁለት ቀጭን ጠንካራ ፍራሽ ወለል ላይ ይበቃል። በጣም በደከመ ወላጅና በብርድ ልብስ መሃል የሚተኛ ትንሽ ሕፃን አደጋ ላይ ነው፤ ሶፋ ላይ ይዞ ማንቀላፋት ደግሞ የባሰ ነው። ክፍሉ ቀዘቀዘ ብላችሁ ከሰል አታስገቡ! በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ፣ የማይታየውም የማይሸተውም፣ ሕፃኑንም እናቱንም ይገድላል። የሚያሞቃቸው ደረት ነው። ቆዳ ለቆዳ፤ ካንጋሮ የሚባለው። ይሄ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ቦጎታ ነው የተጀመረው፤ ማሞቂያ ሣጥኑ ለሁሉም ባለመዳረሱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ክብደታቸው ላነሰ ሕፃናት በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ይሁን ብሏል። አንዱ እናቱ ላይ፣ ሌላው አባቱ ላይ። ኮፍያና ዳይፐር ብቻ፣ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው፣ ፊቱ ወደ ጎን፣ አፍንጫው ክፍት።

ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ቁጭ ሲል ሕፃን አታስይዙት፤ ሥራ አስይዙት። በቀን እስከ 20 የሚደርስ ዳይፐር ወይም ጨርቅ አለ፤ ይጠብ። እጁን ታጥቦ፣ ጉንፋን ከሌለው፣ ያኔ አንዱን ይያዝ።

ሦስተኛ፣ ከቤት መውጣት።

ጋሪ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ማለቴ ነው! ጎን ለጎን የሆነው ጋሪ ብዙውን ጊዜ ስፋቱ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። የበራችሁ ክፍተት ስንት ነው? የመዝጊያውን ውፍረት ቀንሳችሁ ለኩ። ፊትና ኋላ የሆነው ጠባብ ነው፤ ግን ይረዝማል፤ የኮንዶሚኒየም ደረጃ መታጠፊያ ላይ አይዞርላችሁም፤ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለማውጣትም ከባድ ነው። የእኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ በሩ ካስገባው ጎን ለጎኑ ይሻላል፤ ሁለቱም እኩል ያያሉ፣ መዞሩም ቀላል ነው።

አሳንሰር በሌለው ሕንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት እናስብ። ጋሪው 14 ኪሎ፣ ልጆቹ በ4 ወራቸው ሁለቱ አንድ ላይ 12 ኪሎ። ብቻዋን እንዴት ትወርዳለች? አትወርድም። ስለዚህ ጋሪው ምድር ቤት የሚቆለፍበት ቦታ ካልተገኘ ጋሪ አትግዙ፤ ገንዘባችሁን ለእናት ምግብ አድርጉት። አንዱን በፊት በመሸከሚያ፣ አንዱን ሌላ ሰው ይያዘው። አንገታቸው ከጠና በኋላ ደግሞ አንቀልባው አለላችሁ፤ አንዱ ጀርባ፣ አንዱ ደረት፤ ከባዱ ጀርባ ላይ። ጉልበቶቹ ከቂጡ ከፍ ብለው እግሮቹ ይከፈቱ፤ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ።

የተገለገለበት ጋሪ ለምትገዙ፦ ቁልቁለት ላይ አቁማችሁ ፍሬኑን ሞክሩ። እጥፉ ሲዘረጋ የሚቆለፍበትን ነቅንቁት። ብረቱ ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። መቀመጫው ሙሉ በሙሉ ካልተዘረጋ ለአራስ አይሆንም፤ ወገባቸው እስኪጠና ተኝተው ነው የሚሄዱት። ቀበቶው በሁለቱ ትከሻ፣ በሁለቱ ወገብና በመሃል እግር የሚይዝ ይሁን። ጎማው ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ ኮብልስቶን ላይ ልጆቹን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ አየር የሚነፋው ይሻላል፤ ግን ይተነፍሳል፣ ፓምፕ ያዙ። መያዣው ላይ የገበያ ዘንቢል አታንጠልጥሉ፤ አንዱን ልጅ ስታነሡ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ፀሐይ ነው ብላችሁ በብርድ ልብስ አትሸፍኑት፤ ውስጡ ይታፈናል።

ለክትባት ሁለቱንም በአንድ ቀን ውሰዱ፤ በተወለዱ ጊዜ፣ በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር። ቀድመው ቢወለዱም የሚቆጠረው ከተወለዱበት ቀን ነው። ሁለት ሰው ይሂድ፣ ሁለት ካርድ ይያዝ።

የመጨረሻው፣ ሳትጠብቁ ጤና ተቋም የምትሮጡባቸው ምልክቶች። ስልካችሁ ላይ ጻፏቸው። ጡት እምቢ ካለ ወይም መሳብ ካቃተው፤ ሙቀቱ 37.5 እና ከዚያ በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፤ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፤ ካንቀጠቀጠው፤ ስትነኩት ካልተንቀሳቀሰ፤ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ። አንዱን ስትወስዱ ሌላውንም ውሰዱ፤ ያው ነገር ጀምሮት ሊሆን ይችላል፤ ጤነኛ ቢሆንም ጡቱ ያለው ከእናቱ ጋር ነው። እናትየውም ልጆቿን ማየት ካስጠላት፣ ልጆቹ ተኝተው እንኳ እንቅልፍ ካልወሰዳት፣ ሳታቋርጥ ካለቀሰች፣ እሷም ሕክምና ያስፈልጋታል። «አራስ ናት፣ ይለቃታል» አትበሉ።

አሁን ትራስና ጋቢ ያመጣችሁ ወደ ፊት ኑ፤ አያያዙን በአሻንጉሊት እንለማመዳለን። ጥያቄ ያላችሁ በዚያው ጠይቁኝ። አባቶች፣ እናንተ ሲኒውን ትጀምራላችሁ።